ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት፦ የማውንቴን ሳይክል ፍሬን ችግርን መለየትና ትክክለኛውን ዲስክ መምረጥ

«ፍሬኔ ይጮኻል። ዲስኩን ልቀይረው?» ይህ ጥያቄ ሳይመጣልኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አንዳንዱ ሰው ደግሞ የሚጠይቀኝ ዲስክ ከገዛ በኋላ ነው። ወይ አልገጠመለትም፣ ወይ ገጥሞም ጩኸቱ አልቀረም። ገንዘቡ ሲባክን ማየት ስለሚያሳዝነኝ መልሱን አንዴ በሥርዓት ልጻፈው።

ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ቀላሉና ወጪ የሌለው ሥራ መጀመሪያ፣ ግዢው መጨረሻ እንዲመጣ አድርጌ ነው የደረደርኩት።

ለመግባባት ያህል፦ ዲስክ የምለው ከቸርኬው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት ነው። ሸራ የምለው ዲስኩን ከሁለት ወገን ጨምቀው የሚይዙትን ሁለት ቁርጥራጮች ነው። ካሊፐር ሸራዎቹ የተቀመጡበት ቤት ነው። ፒስተን ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ሸራውን ወደ ዲስኩ የሚገፋው ነው። እጀታ በጣታችሁ የምትስቡት ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ብሩጎላ፦ 2.5፣ 4 እና 5 ሚሊ ሜትር
- ቲ25 የኮከብ ቁልፍ፣ ዲስካችሁ ባለ 6 ቡሎን ከሆነ
- ቬርኒየር መለኪያ፣ ዲጂታል ቢሆን ይመረጣል
- አይሶፕሮፒል አልኮል። ከጠፋ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ይሠራል፤ ውሃ ስላለው ግን በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል አይሆንም። ግሊሰሪን ስላለው ቅባት ይተዋል።
- ንጹሕ ነጭ ጨርቅ። ነጭ ያልኩት ቆሻሻው መውጣቱ እንዲታያችሁ ነው።
- 120 ቁጥር ገደማ የሆነ ብርጭቆ ወረቀት
- ጎማ ማውጫ ፕላስቲክ፣ ፒስተን ለመግፋት
- ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛ፣ የስልክ መብራትና ነጭ ወረቀት

ከመጀመራችሁ በፊት

ዲስክ እየዞረ ጣታችሁን አታስጠጉ። ቀዳዳዎቹ ጣት ይቆርጣሉ። ቁልቁለት ከወረዳችሁ በኋላ ዲስኩን አትንኩት፤ ቆዳ ያቃጥላል።

የዘይት ፍሬን ከሆነ፣ ቸርኬው ወጥቶ ሳለ እጀታውን አትሳቡ። በመሐል ዲስክ ስለሌለ ፒስተኖቹ ወጥተው ይቀራሉ። ቸርኬውን ስታወጡ በሸራዎቹ መሐል ንጹሕ የታጠፈ ካርቶን አስገቡ።

ደረጃ 1፦ ፍሬናችሁ የገመድ ነው የዘይት?

ከእጀታው የሚወርደውን መስመር ተከትላችሁ ካሊፐሩ ጋ ድረሱ። እዚያ የብረት ገመድ በቡሎን ታስሮ፣ እጀታውን ስትስቡ የሚንቀሳቀስ ክንድ ካያችሁ የገመድ ነው። ካልሆነ የዘይት ነው። ይህን አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ ለአንዱ የሚሠራውን በሌላው ላይ ትሞክራላችሁ። የላላ የገመድ ፍሬን ገመድ በመሳብ ይስተካከላል። የላላ የዘይት ፍሬን ግን አየር ገብቶበት ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ ቸርኬውንና ቡሎኖቹን ፈትሹ

ሳይክሉን መሬት ላይ አቁሙት። የቸርኬውን ማጥበቂያ ፍቱ፣ ሳይክሉን ከላይ ጫን በሉት፣ መልሳችሁ አጥብቁ። ቸርኬው በትንሹም ቢሆን ዘንበል ብሎ ከተቀመጠ ዲስኩ ሸራውን ይነካል። ሰው ጎማ አስለጥፎ ከተመለሰ በኋላ «ፍሬኑ መንካት ጀመረ» ሲለኝ መጀመሪያ የማየው ይህንኑ ነው።

ማጥበቂያው በእጅ የሚታጠፍ ዓይነት ከሆነ፣ ተዘግቶም ሆነ ተከፍቶ ጫፉ ዲስኩ ጋ እንደማይደርስ እዩ። በጉዞ ላይ ተከፍቶ ዲስክ ውስጥ ከገባ ቸርኬው በቅጽበት ይቆማል፤ ነጂው በመሪው ላይ ተሽቀንጥሮ ይወድቃል።

ቀጥሎ ዲስኩን የያዙትንና ካሊፐሩን የያዙትን ቡሎኖች ሞክሩ። አንድ ቡሎን ቢላላ ፍሬኑ ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡም ጩኸት ይሆናል። የካሊፐር ቡሎኖች ከ6 እስከ 8 ኒውተን ሜትር (የማጥበቅ ጉልበት መለኪያ) ይጠብቃሉ።

ደረጃ 3፦ ድምፁን ስሙ

ቸርኬውን አንሥታችሁ በእጅ አሽከርክሩት። ከዚያ ነድታችሁ ያዙት። ድምፁ ብዙ ይናገራል።

- ሳትይዙት በየዙሩ አንዴ «ሽፍ… ሽፍ…» ካለ፣ ዲስኩ ተጣሟል። ደረጃ 6ን እዩ።
- ሳትይዙት ያለማቋረጥ «ሽሽሽ» ካለ፣ ካሊፐሩ ከመሐል ወጥቷል ወይም አንዱ ፒስተን አልተመለሰም። ደረጃ 5 እና 7።
- ስትይዙት በቀጭኑ ከጮኸና የመያዝ ጉልበቱም ከቀነሰ፣ ሸራው ወይም ዲስኩ ቅባት ነክቶታል። ደረጃ 4 እና 5።
- ዝናብ ላይ ብቻ ጮኾ ጥቂት ከያዛችሁት በኋላ ከተወ፣ ውሃ ነው። ችግር የለውም፣ ተዉት።
- ብረት ከብረት ሲፋጭ ከተሰማ፣ ሸራው አልቋል። ከዚያ በኋላ አንድ ሜትር አትንዱ። የሸራው ጀርባ ብረት ስለሆነ ዲስኩን ይዞት ይሄዳል።

ደረጃ 4፦ ሸራውን አውጥታችሁ እዩ

ቸርኬውን አውጡ። ሸራውን የያዘችውን ፒን ሳቡ ወይም ፍቱ። ሁለቱ ሸራዎች በመሐላቸው ካለችው ሞላ ጋር አብረው ይወጣሉ። የትኛው በየት በኩል እንደነበር ፎቶ አንሡ። ስትመልሱ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ውፍረቱን ለኩ። ሺማኖና ስራም የፍሬን አምራቾች ናቸው። በሺማኖ ልክ፣ ከጀርባ ብረቱ ውጭ ያለው የሚበላው ክፍል 0.5 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ጊዜው አልፏል። በስራም ልክ ደግሞ ጀርባውን ጨምሮ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ይቀየራል። ክረምት ላይ የእንጦጦ ቀይ ጭቃ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚበላው። በበጋ ወራት የሚቆይ ሸራ በክረምት ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ከዝናብ ማግስት ማየት ልመዱ።

ከዚያ ፊቱን እዩ። እንደ መስተዋት ካብለጨለጨ ተቃጥሎ ጠንክሯል ማለት ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አንጥፉ፣ ሸራውን በላዩ ላይ በክብ በክብ ፈግፍጉት። ማብለጭለጩ ሲጠፋ ይበቃል። አፋችሁን ሸፍኑ፤ አቧራው ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ጠቁሮና ረጥቦ ከታየ ዘይት ጠጥቷል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ምድጃ ላይ ያቃጥለዋል። እኔ አልመክርም። ሸራ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ አለው። ላዩ ቢደርቅም ውስጡ የቀረው ዘይት መጀመሪያው ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲሞቅ ተመልሶ ይወጣል። ያ ደግሞ ፍሬኑ በጣም የሚያስፈልጋችሁ ሰዓት ነው። ጣሉትና አዲስ ግዙ።

ዘይቱ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ ግን አዲስ ሸራ አትግጠሙ። ብዙ ጊዜ ምንጩ ከሦስት አንዱ ነው፦ ሰንሰለት ላይ የተነፋ የሚረጭ ዘይት፣ ላቫጆ ላይ የተቀባ የጎማ ማብሪያ፣ ወይም ከካሊፐሩ ከራሱ የሚያፈስ። የመጨረሻውን ለማወቅ ካሊፐሩን በአልኮል ጥረጉ። ቸርኬውንና ሸራውን መልሱ። እጀታውን አጥብቃችሁ ለአንድ ደቂቃ ያዙ፣ ከዚያ በመብራት እዩ። እርጥበት ከታየ የፒስተኑ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያፈስ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) አልቋል። ጎሚኒው ሳይሠራ የሚገባ ሸራ ሁሉ በዘይት ይበላሻል።

ደረጃ 5፦ ማጽዳት

ጭቃ ካለ መጀመሪያ በውሃ እጠቡና አድርቁ። ከዚያ ጨርቁን አልኮል ነክራችሁ ዲስኩን በሁለቱም ወገን ጥረጉ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ደጋግሙ። ከዚህ በኋላ ዲስኩን በባዶ እጅ አትንኩት። የጣት ወዝ ለማስጮኽ ይበቃል።

ደብሊው ዲ 40፣ ናፍታ፣ ቤንዚን አይሆኑም። ቆሻሻውን ያነሡታል፣ ግን ራሳቸው ቅባት ይተዋሉ።

ፒስተኖቹንም አሁን እዩ። የዘይት ፍሬን ላይ አንዱ ወጥቶ ሌላው ካልተንቀሳቀሰ ጭቃና አቧራ ይዞታል። ሸራው ወጥቶ ሳለ ካርቶን በመሐል አድርጉ፣ እጀታውን ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ፒስተኖቹ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይውጡ። ጎናቸውን በአልኮል አጽዱ። አንድ ጠብታ ፍሬኑ የሚጠቀምበትን ያንኑ ዘይት በጥጥ እንጨት ጎናቸው ላይ ቀቡና በፕላስቲኩ ቀጥ አድርጋችሁ መልሷቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ ስትደጋግሙ ይፈታሉ። የተረፈውን ዘይት በደንብ ጠርጉ። ካቻቢቴ አትጠቀሙ፤ ፒስተኑ ብዙ ጊዜ ሴራሚክ ወይም ፕላስቲክ ስለሆነ ይሰነጠቃል።

ደረጃ 6፦ ዲስኩን ለኩ

«ልቀይር ወይስ አልቀይር» የሚለው መልስ ያለው እዚህ ነው። በዓይን አይታወቅም።

በመጀመሪያ ጥፍራችሁን ከዲስኩ ዳር ወደ ውስጥ ሳቡ። ሸራ የማይደርስበት ዳር ስለማይበላ ደረጃ ይሠራል። ቬርኒየሩ በዚያ ዳር ላይ ካረፈ የምታነቡት ውፍረት ውሸት ነው፤ ዲስኩ ገና አዲስ ይመስላችኋል። ስለዚህ በመንጋጋው ቀጭን ጫፍ የተበላውን መሐል ብቻ ያዙ። አራት ቦታ ላይ ለኩና ትንሹን ቁጥር ውሰዱ።

ከዚያ አወዳድሩ፦

- ሺማኖ፦ አዲሱ 1.8፣ የመጨረሻው 1.5 ሚሊ ሜትር
- ስራም ሴንተርላይን፦ አዲሱ 1.85፣ የመጨረሻው 1.55 ሚሊ ሜትር
- ስራም ኤችኤስ2፦ አዲሱ 2.0፣ የመጨረሻው 1.7 ሚሊ ሜትር
- ማጉራ፦ አዲሱ 2.0፣ የመጨረሻው 1.8 ሚሊ ሜትር

ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ውፍረት ዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ የዲስኩን ዳር ከመሐሉ የሚያገናኙት ክንዶች ላይ ፈልጉ። ከዚያ በታች የሆነ ዲስክ ሙቀት መያዝ ያቅተዋል፣ በቀላሉ ይጣመማል፣ ሊሰበርም ይችላል። ስንጥቅ ካያችሁ ልኩ ምንም ይሁን ምን አውልቁት።

ልኩ ደህና ሆኖ የተጣመመ ከሆነ አትጣሉት። ከካሊፐሩ በስተጀርባ ነጭ ወረቀት አድርጉ፣ ቸርኬውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ፣ በዲስኩና በሸራው መሐል ያለችውን የብርሃን መስመር ተመልከቱ። የምትጠፋበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ወደየት እንደሚያዘነብልም ያዙ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ በተጠቀለለ ቺያቤ ይዛችሁ ወደ ተቃራኒው በጥቂቱ ግፉት። እንደገና አዙሩና እዩ። በጣም በትንሽ በትንሹ መሆን አለበት። በኃይል የገፋ ሰው አንዱን ጥምዝ ሁለት ያደርገዋል። ከሩቅ የሚታይ ጥምዝ ከሆነ ግን አይመለስም፤ ቀይሩት።

ደረጃ 7፦ ካሊፐሩን መሐል አድርጉ

የዘይት ፍሬን፦ ካሊፐሩን የያዙትን ሁለት ቡሎኖች፣ ካሊፐሩ ግራና ቀኝ እስኪወዛወዝ ብቻ አላሉ። እጀታውን አጥብቃችሁ ሳቡ። ሳትለቁ ሁለቱን ቡሎኖች በየተራ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ። አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ ካሊፐሩ አብሮ ይዞራል። ልቀቁና አሽከርክሩ። አሁንም ከነካ እንደገና አላሉ፣ በብርሃኑ እያያችሁ በእጅ አስተካክሉ።

የገመድ ፍሬን፦ ብዙዎቹ የሚንቀሳቀሰው አንዱ ሸራ ብቻ ነው። ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ሲይዝ ዲስኩ ወደ ቆመው ሸራ ይጎብጣል። ስለዚህ የቆመውን ሸራ በማስተካከያው፣ ዲስኩን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አስጠጉት። ከዚያ ገመዱን ፍቱ፣ ክንዱ ሙሉ በሙሉ መመለሱን እዩ፣ የተንጠለጠለውን ገመድ ሳቡና እሰሩ። ክንዱን ግማሽ መንገድ ስባችሁ አትሰሩት። ሸራው በጥቂቱ ሲበላ ክንዱ የሚሄድበት መንገድ ያልቅበታል፣ እጀታውም መሪው ጋ ይደርሳል።

ደረጃ 8፦ እጀታው ከላላ

ሸራው በቂ ሆኖ እጀታው እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ፣ ቶሎ ቶሎ አምስት ስድስት ጊዜ ሳቡት። እየጠነከረ ከሄደ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። ሳይክሉ ተገልብጦ በመኪና ከተጫነ በኋላ ይህ በብዛት ይታያል። እጀታው ላይ ባለው የዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው አየር ወደ መስመሩ ይገባል።

ሺማኖ ከሆነ በቀላሉ የሚሞከር ነገር አለ። ሸራና ቸርኬውን አውጡ፣ በመሐል ማገጃ አድርጉ። እጀታውን አግድም አዙራችሁ ከላይ ያለችውን ትንሽ ቡሎን በ2.5 ብሩጎላ ፍቱ። የዘይት መሙያ ኩባያውን ግጠሙና ዘይት ጨምሩ። እጀታውን በትንሹ ደጋግማችሁ ሳቡ፣ መስመሩን በጣት መታ መታ አድርጉ። አረፋ ይወጣል። መውጣቱን ሲያቆም ዝጉ። ካልጠነከረ ከካሊፐሩ በኩል ሙሉ አየር ማስወጣት ያስፈልገዋል፤ እሱን ለባለሙያ ስጡ።

የዘይቱን ዓይነት ግን በፍጹም አታሳስቱ። ሺማኖ፣ ማጉራና ቴክትሮ የማዕድን ዘይት ነው የሚጠቀሙት። አብዛኞቹ የስራም ፍሬኖች ዶት 5.1 የሚባለውን ሌላ ዓይነት የፍሬን ዘይት ይጠቀማሉ፤ አንዳንድ አዳዲሶቹ ደግሞ የማዕድን ዘይት ስለሆኑ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የተገዛ ዶት 4 ሺማኖ ውስጥ ከገባ ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ። ፍሬኑ ይነክሳል፣ አይለቅም፣ ብዙ ጊዜም አይድንም። ዶት ዘይት የሳይክል ቀለም ይልጣል፣ ቆዳም ይጎዳል፤ ጓንት አድርጉ።

ደረጃ 9፦ አዲስ ዲስክ ስትመርጡ

ልኩ ሞቶ ወይም ተሰንጥቆ መቀየር እንዳለበት ካረጋገጣችሁ፣ አሮጌውን ይዛችሁ ገበያ ሂዱ። በፎቶ ብቻ አትግዙ። እነዚህን አረጋግጡ።

አተሳሰሩ። ባለ 6 ቡሎን ዲስክ በስድስት ቡሎን ይታሰራል። ሴንተር ሎክ የሚባለው መሐሉ ላይ ጥርስ አለው፣ በአንድ ትልቅ ቀለበት ይጠብቃል። ሴንተር ሎክ ሞዞ (የቸርኬው መሐል) ላይ በማገናኛ ባለ 6 ቡሎን ዲስክ ማሰር ይቻላል። በተቃራኒው ግን አይሆንም።

ዲያሜትሩ። የተለመዱት 160፣ 180፣ 200፣ 203 እና 220 ሚሊ ሜትር ናቸው። ሰው በብዛት የሚሳሳተው 200 እና 203 ላይ ነው። «ሦስት ሚሊ ምን ታደርጋለች» ይባላል። ካሊፐሩ ለ203 ተቀምጦ 200 ዲስክ ከገባ የሸራው ላይኛ ጫፍ ዲስኩን ያልፋል። ያ ጫፍ ስለማይበላ በጊዜ ብዛት ሁለቱ ሸራዎች በላይ በኩል ይገናኛሉ፣ ፍሬኑ መያዝ ያቆማል። በግልባጩ ለ200 የተቀመጠ ካሊፐር ውስጥ 203 ከገባ ዲስኩ ካሊፐሩን ይፈገፍጋል።

ከ160 ወደ 180 ማሳደግ ትልቅ ልዩነት አለው። ጣታችሁ እኩል ቢጫንም የመያዝ ጉልበቱ ከ12 በመቶ በላይ ይጨምራል፣ ሙቀትንም ይበልጥ ይችላል። ከእንጦጦ ቁልቁል የምትወርዱ ወይም ክብደት ያላችሁ ከሆነ የፊቱን አሳድጉ፤ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ ላይ ለምትነዱ 160 ይበቃል፤ ገንዘባችሁን ለሸራ አውሉት። ዲስኩን ስታሳድጉ ካሊፐሩን ለትልቁ ዲስክ ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጥ ማስነሻ አብራችሁ መግዛት አለባችሁ። የፊት ሹካውና የፍሬሙ አምራች የፈቀደውን ትልቁን ልክ ደግሞ አትለፉ። ረጅሙ ዲስክ ሹካውን የሚጠመዝዘው በበለጠ ጉልበት ነው።

የሸራው ዓይነት። ርካሽ ዲስኮች ላይ «ሬዚን ፓድ ኦንሊ» የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ለስላሳ ብረት ስለሆነ ሬዚን ሸራ (ከሙጫ መሰል ነገር የተሠራውን ለስላሳ ሸራ) ብቻ ነው የሚችለው። ብረት ሸራ ከገባበት ቶሎ ይበላዋል። ለክረምት ጭቃ ብረት ሸራ ረጅም ዕድሜ ስላለው እኔ እሱን እመርጣለሁ። ያ ማለት ግን ዲስኩም የሚችል መሆን አለበት።

ውፍረቱ። ለማጉራ 2.0 ያለውን፣ ለሺማኖ 1.8 ያለውን ግዙ። ቀጭኑ ወፍራም ለሚጠብቅ ካሊፐር ሲገባ ፒስተኖቹ ከልካቸው በላይ እንዲወጡ ይገደዳሉ።

ብዙ ቀዳዳ ያለው ቀላል ዲስክ ያምራል። ብረቱ ባነሰ ቁጥር ግን የሚይዘው ሙቀትም ያንሳል። ረጅም ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ከበድ ያለው ይሻላል።

ደረጃ 10፦ መግጠምና ማላመድ

አዲሱን ዲስክ በአልኮል ጥረጉ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ዝገት መከላከያ ቅባት ሊኖረው ይችላል። ላዩ ላይ ያለው ቀስት ቸርኬው ወደፊት የሚዞርበትን አቅጣጫ ያሳያል። ስድስቱን ቡሎኖች በተራ ሳይሆን በመስቀለኛ አጥብቁ፤ ያለዚያ ዲስኩ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል። ሺማኖ ከ2 እስከ 4፣ ስራም 6.2 ኒውተን ሜትር ይላሉ። የሴንተር ሎክ ቀለበት 40 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል።

አሮጌው ሸራ ቅባት ጠጥቶ ከነበረ አዲሱ ዲስክ ላይ አትመልሱት። በአንድ ቀን አዲሱን ያበላሸዋል።

ከዚያ መኪና የማይበዛበት መንገድ ፈልጉ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ንዱ፣ አንዱን ፍሬን በእኩል ጉልበት ይዛችሁ በእግር የመሄድ ያህል እስኪዘገይ ድረስ ቀንሱ፣ ልቀቁ። ሙሉ በሙሉ አታቁሙ። ሃያ ጊዜ ድገሙ። ቀጥሎ ፈጠን ብላችሁ በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ አሥር ጊዜ። ለሁለተኛው ፍሬንም እንዲሁ። ቸርኬው መቆለፍ የለበትም። በዚህ ጊዜ ከሸራው የሚነሣ ስስ ሽፋን ዲስኩ ላይ እኩል ይለጠፋል። ፍሬን በደንብ የሚይዘው በዚያ ሽፋን ነው። ተቆልፎ ከቆመ ሽፋኑ አንድ ቦታ ላይ ተከምሮ ይቀራል፣ ከዚያ በየዙሩ ይንቀጠቀጣል።

ስትመለሱ እጀታውን ከሳይክሉ ሳትወርዱ በኃይል ሳቡት። መሪው ጋ የማይደርስ ከሆነ ደህና ነው። የዲስኩንና የካሊፐሩን ቡሎኖች በማግስቱ እንደገና ሞክሩ፤ ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ትንሽ የሚላሉ አሉ።